ስለ እትዬ አስካለ መኪና ያልተናገርኩት

አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ንብረት ጠይቋችሁ፣ መልሱን በደንብ እያወቃችሁት፣ «እኔ እንጃ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ማኪያቷችሁን እያማሰላችሁ፣ ትከሻችሁን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ እንደ ቀላል ነገር? እኔ ብያለሁ። ይህንንም እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ ለሕይወት እንኳ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ጥቃቅኑን ሁሉ ስዘረዝር፣ ተማሪ ላይ መጮኼን፣ ጾም መግደፌን ስናገር፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ።

ለምን ዘለልኩት? ኃጢአት ስላልመሰለኝ ነው? አይደለም። ኃጢአት መሆኑን ስላወቅሁ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ፣ «ከመምህር ጋር ባጃጅ አትሳፈር፤ ባጃጁ በሦስት ጎማ እንዴት እንደማይገለበጥ ሲያስረዳህ መውረጃህን ታልፋለህ» ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው። ሳልጠየቅ አስረዳለሁ፤ ከተጠየቅሁማ የሚያስቆመኝ የለም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። እንዲያውም ሰበብ የሚያሳጣኝ ይህ ባሕሪዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው መኪና ለመግዛት በማሰብ ነው። ሕይወት ነርስ ናት፤ የምትሠራው ወደ ደጋው በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ክረምት ሲገባ ሚኒባሱ ተሳፋሪዎቹን አስፋልቱ የሚያልቅበት ላይ ያራግፋቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግርና በጭቃ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት መኪና ያስፈልገን ነበር። አቅማችን የሚችለው ደግሞ ብዙ የሄደችና ጥገና የምትፈልግ አሮጌ መኪና ብቻ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ትገዛለች ወይስ አትገዛም? ጥያቄውን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳነሳና ስጥል ሰነበትኩ። በአንድ በኩል የሚጠብቀንን የጋራዥ ጣጣ፣ በሌላ በኩል የሚቀርልንን እንግልት ደርድሬ አስረዳቸዋለሁ። በመጨረሻ የባዮሎጂ መምህሩ ሰለቸውና፣

«አንተ ደመወዝህን ለጋራዥ፣ ሚስትህ ደመወዟን ላንተ! ግዛትና እኛም እንረፍ» አለኝ።

ከእትዬ አስካለ ጋር ያገናኘኝ ታምሩ የሚባል ደላላ ነው። ታምሩ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ይውላል፤ ቢሮው እሱ ነው። የሰማውን ሁሉ ያወራል፣ ቀልድ አያልቅበትም፣ ግን ያላየውን አየሁ ብሎ ሲምል ሰምቼው አላውቅም። እሳቸው ወደሚኖሩበት ወደ ታቦር ሰፈር በባጃጅ ስንወጣ፣

«መምህር፣ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ» አለኝ። «ሴትዮዋ መኪናቸውን የሚሸጡት እየሰደቧት ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከደረስን በኋላ ነው። እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት። አባታቸው ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ቤት ሠርተው የቀሩ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ፣ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዲት አረንጓዴ ቪታራ ቆማለች። ሰላምታችንን ገና ሳንጨርስ እትዬ አስካለ ጀመሩ።

«መኪናዋን የምሸጣት ጠልቻት አይደለም። ይህ የአባቴ ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ ድርሻውን ይፈልጋል፤ መብቱ ነው። ድርሻውን በገንዘብ ካሰናበትኩት ቤቱና ግቢው እንዳለ ይቀርልኛል። ካልቻልኩ ከፊት ያለውን ግማሽ ይሸጠዋል። ይህን ሳታውቅ ዋጋ እንዳንነጋገር ብዬ ነው።»

አያችሁ? ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አውቅ ነበር። የዚያች መኪና ዋጋ ለእኔ የኪስ ጉዳይ፣ ለእሳቸው ግን የአባታቸው ግቢ መሆኑን በገዛ አፋቸው ነግረውኛል። አላወቅሁም ነበር ልል አልችልም።

ታምሩ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አጎንብሶ አየና፣ «እትዬ፣ ይቺ እኮ ከሦስት መቶ ሺህ አልፋለች። አንድ ልጅ አለ፣ በግማሽ ቀን ቁጥሩን ዝቅ ያደርግልዎታል። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አላቸው።

«የሄድኩበትን መንገድ ልትሰርዝብኝ ነው?» አሉት። «ቦና የሄድኩበትን ነው የምትሰርዘው ወይስ በንሳ የሄድኩበትን? ሂድ ወዲያ አንተ!»

«እሺ፣ ቦና ይቅርልዎት። በንሳን ብቻ ልሰርዝ።»

እትዬ አስካለ ሳቁ። ያኔ ከታምሩ ጋር ይሳሳቁ ነበር።

ቁልፉን ለእኔ አልሰጡኝም። «መጀመሪያ ትሰማለህ፣ ቀጥለህ ትነዳለህ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ታምሩን በሩ ላይ ተውነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«አሁን ሳስነሳት ነጭ ጭስ ታወጣለች፤ ሞቅ ሲላት ይተዋታል» አሉ። አስነሷት፤ ጨሰች፤ ሰፈሩን ሳንወጣ ተዋት። «እዚህ ጉድጓድ ላይ ግራ ጎኗ ቂው ይላል» አሉ። ቂው አለ። «ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያመልጣል፤ እጅህን ካምቢዮው ላይ ካላሳረፍክ ባዶ ታገኘዋለህ» አሉና እጃቸውን አንስተው አሳዩኝ፤ አመለጠ። ረጅም ዳገት ላይ ሙቀቷ እንደሚጨምር፣ ያን ጊዜ ዳር ይዞ ማሳረፍ እንጂ ኮፋኖ ከፍቶ ውሃ መድፋት እንደማይገባ፣ የኋላው መስኮት በእጅ ካልታገዘ እንደማይወጣ፣ ሁሉንም እያንዳንዱን ከመኪናዋ ቀድመው ነገሩኝ።

«እትዬ፣ እንዲህ ተነግሮ መኪና ይሸጣል?» አልኳቸው።

«ድምፁን እኔ ቀድሜ ካልነገርኩህ ደብቄሃለሁ ማለት ነው» አሉ። «ስትሰማው ደንግጠህ ወደ እኔ ዞር እንድትል አልፈልግም።»

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በሙያዬ ብዙ ጥሩ አስተማሪ አይቻለሁ። እንደ እሳቸው ያለ ግን አላየሁም። አንድም ነገር አላጋነኑም፣ አንድም ነገር አላለሰለሱም። ስለ ጭሱ ሲነግሩኝ እንዳላፈሩት ሁሉ፣ ሞተሯ ዘይት ጠጥቶ እንደማያውቅ ሲነግሩኝም አልኮሩም። የወንበሮቹ ልብስ የተቀደደው በእጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥቃቅንና እኩል ነው። ላም ለማከም ሌሊት ተነስቶ ዳገት የወጣ ሰው መኪናውን እንዴት እንደሚይዝ አየሁ። በውስጤ፣ «እንደዚህ ዓይነት ሰው የያዛትን አሮጌ መኪና አምኖ መግዛት፣ ከማያውቁት ሰው አዲስ ከመግዛት ይሻላል» አልኩ። የሳምንታት ጥያቄዬ እዚያ ላይ ተመለሰ። መኪናዋን ልገዛ ቆረጥኩ።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርደን አሣ በላን። የተጠበሰውን አሣ በዳጣ እያጠቀሱ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለይተው ዳር እያስቀመጡ፣ «እዚህ ድረስ የደረሰ ገዢ የቆረጠ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ልንገርህ» አሉኝ። «ከዓመታት በፊት ከቦና ስመለስ ጥጃ ዘላ መንገድ ገባችብኝ። ጥጃዋን አተረፍኩ፣ እኔ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ የክትባት ሳጥኑ ተሰባበረ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ሻንሲዋ ግን ከኋላ በኩል ተሰነጠቀና ተበየደ።»

ሻንሲ ማለት መላውን የመኪና አካል የሚሸከመው የብረት አጥንት ነው። ሲሰነጠቅ ገዢ ይሸሻል፤ የሚሸሸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

«በያጁ ጎበዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልወጣሁበት ዳገት የለም፣ ንቅንቅ አላለም። ከሥሯ ገብተህ ካልፈለግከው አታየውም። ግን ልትገዛት ከሆነ ማወቅ አለብህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለደላሎች እንዳትነግር ግን፣ አደራ። እነሱ ጋ ሲደርስ ስንጥቁ ሬሳ ያወጣል።»

አደራ አሉኝ። እኔም፣ «ኧረ እትዬ፣ ምን ሆኛለሁ!» አልኩ።

ምን ሆንኩ?

በማግስቱ አዲስ ከተማ፣ ታምሩ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። «እህ መምህር፣ ገዛህ ወይስ ሸሸህ?» አለኝ። ያን ቀን ልቤ ንጹሕ ነበር። ዋጋው ከያዝኩት ከፍ ስላለብኝ ላስብበት ነው እንጂ፣ በእትዬ አስካለ አድናቆት ተሞልቼ ነው የተቀመጥኩት። ድምፁን ከመኪናዋ ቀድመው እንዴት እንደነገሩኝ አወራሁለት። ማውራት ወደ ማስረዳት ሄደ። ማስረዳት ደግሞ ብየዳው ጋ አደረሰኝ። የስኳር ማንኪያውን አንስቼ፣ በደንብ የተበየደ ብረት ከቀድሞው ባልተናነሰ ጥንካሬ ሸክም ሊይዝ እንደሚችል፣ ጎጂው መጥፎ ብየዳ እንጂ ብየዳ መሆኑ እንዳልሆነ፣ የእትዬ አስካለን ሻንሲ ምሳሌ አድርጌ አስረዳሁ። አጠገባችን ሌሎች ደላሎች ነበሩ። ሁሉም አዳመጡኝ።

ልብ በሉ፤ እያሞገስኳት ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ አዲስ ከተማ የወሰደው አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ ተበይዷል።

አደራ በላሁ? በላሁ። ግን የምናዘዘው ይህን አይደለም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ «አፌ ነው የጎዳኝ» ብዬ ሄጄ እነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ይቆጡኝና ያልፍ ነበር። የምናዘዘው ቀጥሎ የመጣውን ነው።

ከዲላ የመጣ አንድ ነጋዴ መኪናዋን እትዬ አስካለ በጠየቁት ዋጋ ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። ያ ዋጋ የወንድማቸውን ድርሻ የሚሸፍን ነበር፤ እንዲያ ብለውኛል። ወሬው ጆሮው ደረሰ። እሱ ጋ ሲደርስ ደግሞ አድጎ ነበር፤ ሻንሲዋ ለሁለት ተሰብሯል፣ ውስጧ ሰው ሞቶባታል ተባለ። ሰውየው ግን ወዲያው አልሸሸም። ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ካፌው ድረስ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እውነት ነው የሚባለው?» አለው ታምሩን።

«እኔ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት፤ በዓይኔ አላየሁም» አለ ታምሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር ግን አብሯቸው ዞሯል፣ ሁሉን ነግረውታል። መምህር፣ አንተ ታውቃለህ። እውነት ሰው ሞቶባታል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የዲላው ሰው ፊት አሁንም ይታየኛል። ያ ሰው የመጣው ሊሸሽ አልነበረም። ሊሸሽ ቢሆን ኖሮ ስልኩን ዘግቶ ዲላ ይቀመጥ ነበር። የመጣው አንድ ሰው «ውሸት ነው» እንዲለው ነበር። መኪናዋን ወዷታል፤ ማመን ፈልጓል።

እኔ ደግሞ አውቅ ነበር። ጥጃዋን አውቃለሁ፣ ቦዩን አውቃለሁ፣ የተሰባበረውን የክትባት ሳጥን አውቃለሁ፣ ብቻቸውን እንደነበሩ አውቃለሁ። መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። እኔ፣ ያልጠየቀኝን ሰው ሁሉ ይዤ የማስረዳ ሰው፣ ማኪያቶዬን አማሰልኩና፣

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ዋሸሁ? ቃል በቃል ከተያዘ፣ የዋሸሁት ስለ መኪናዋ አይደለም፣ ስለ ራሴ ነው። ግን እንዲህ ያለ ፀጉር ስንጠቃ አሁን ማንን ይጠቅማል? ለምን አልኩት? ደንግጬ ነው? አልደነገጥኩም። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። ሰውየው ከሄደ ዋጋው ወደ እኔ እንደሚወርድ ማንኪያዬ ማኪያቶውን አንድ ዙር ሳታዞር ገብቶኛል። እኔ እንጃ ያልኩት ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

«መምህር ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው» አለና ሰውየው ተነሳ።

ታምሩ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ምነው፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መኪናዋን ገዛኋት። እትዬ አስካለ ሌላ ገዢ ሲያጡ ዝቅ ባለ ዋጋ ተስማሙ። በደላላ በኩል አልፈልግም ብለው በቀጥታ ወደ እኔ ደወሉ። «ስሟን ያጠፋው ያ ታምሩ ነው፤ አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ለወሬ የተፈጠረ! አንተ ብቻ ነህ ወሬውን ሳትሰማ የመጣህልኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ።» ጉንጬን ሳሙኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። አሜንም አልኩ።

አሜን ያለው አፍ ያው እኔ እንጃ ያለው አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በደስታ የተሞላ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ነበር። የሚያሳፍረኝም ይህ ነው። እትዬ አስካለ መኪናዋን ሸጠው ዞር አላሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አስተማሩኝ። ዳገት ላይ ጆሮዬን እንጂ ዓይኔን ብቻ እንዳልተማመን፣ ጭቃ ውስጥ ስገባ ነዳጁን እንዳልረግጥ፣ ካምቢዮውን ጨብጦ ማስጨነቅ ሳይሆን ማባበል እንደሚሻል፣ ሁሉን አሳዩኝ። ስሳሳት፣ «ኧረ ቀስ፣ ተማሪህ አይደለችም!» ይሉኛል። የነገሩኝ ቦታ ሁሉ ጥገና አስፈለገው፤ ካልነገሩኝ ቦታ ግን አንድም ነገር አልተበላሸም። በክረምቱ ጭቃ ሕይወትን ከጤና ጣቢያዋ በር ላይ አንስታ ያቺ መኪና እያጓራች ታመጣልኛለች። ብየዳውን ከሥር ገብቼ አየሁት፤ እንዳሉት ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ያቺ መኪና በሠራች ቁጥር እሳቸው እውነተኛ መሆናቸውን ትመሰክራለች። እኔ ግን መስክር ስባል ዝም ብያለሁ።

ዋጋው ለወንድማቸው አልበቃም። ጥቂት ታግሷቸው ነበር፤ ከዚያ የፊት ግማሹን ሸጠው። የአቮካዶው ዛፍ ተቆረጠ። በግቢው መሐል ግንብ ተሠራ። አሁን እትዬ አስካለ ወደ ቤታቸው የሚገቡት ከጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። መኪናዋ እዚያ አትገባም፤ ስሄድ ከመንገድ ላይ አቁሜ በእግሬ እገባለሁ። ሳሎናቸው በቀንም መብራት ይበራበታል፤ ግንቡ ፀሐዩን ይዞታል።

ታምሩን ሰላም ማለት ተዉ። ከበረንዳው ላይ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ!» ሲላቸው ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ለታቦር ሰው ሁሉ፣ በእሱ በኩል ዕቃ እንዳይሸጥ ተናግረዋል። አንድ ቀን ታምሩ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «መምህር፣ እኔ ሴትዮዋን ምን አድርጌያቸው ነው? እንደ እናቴ እኮ ነው የማያቸው። አንተ ትቀርባቸዋለህ፣ ምን ብለውህ ነው?» አለኝ።

እኔ እንጃ አልኩት። ለሁለተኛ ጊዜ። አሁን የሚወርድ ዋጋ እንኳ አልነበረም።

ያለፈው ቅዳሜ እትዬ አስካለን ገበያ ላደርሳቸው ሄድኩ። በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ግንቡን ያሠራችው አዲሷ ጎረቤታቸው በር ላይ ቆማ ነበር። «ልጅዎ ነው?» አለቻቸው።

«ከልጅም በላይ ነው» አሉ። «ያ ደላላ መኪናዬን ሰው ሞቶባታል ብሎ ሲያዋርደኝ፣ ይሄ ልጅ ብቻ ነው ያመነኝ።»

መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን አዙሬ አስነሳኋት። ከዚያ አጠፋኋት። ጭሱ ገና በኋላ መስተዋት እየታየ ነበር።

«እትዬ፣ ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የስኳር ማንኪያውን፣ ብየዳውን፣ የዲላውን ሰው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንስተው አደረጉ፤ በደንብ ሊያዩኝ እንደፈለጉ ሁሉ።

«ሲጠይቁህ ብቻዬን እንደነበርኩ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

የማስረዳት ጊዜ ቢሆን ያ ነበር። ሕይወት በጭቃ ስለ መምጣቷ፣ አቅማችን ትንሽ ስለመሆኑ፣ ስለ መምህር ኑሮ ብዙ ማለት እችል ነበር። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር።

«ዋጋው እንዲወርድልኝ ነው» አልኩ።

ከተቀመጡበት የግንቡ ጫፍ ይታያል፤ እሱን አዩ። ግንቡን አስበው ሊያለቅሱ ነው፣ ወይም በጥፊ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣

«እኔ ያንን ልጅ እኮ ስረግመው ነው የከረምኩት» አሉ። «የሰው በር ላይ ስሙን አጠፋሁት። ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት። ታምሩን!» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አምላኬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ።»

«እትዬ፣ አብረን እንሂድ፤ እኔ ልንገረው» አልኳቸው።

«አንተ አትመጣም። ያንተ ያንተ ነው፤ የእኔን እኔ እከፍላለሁ።» በሩን ከፈቱ። ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ። ቁልቁል ወደ ዋናው መንገድ ሲሄዱ፣ ባጃጅ ሲያስቆሙ፣ ሲገቡ አየሁ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሰኞ ታምሩ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«መምህር፣ ምን ጉድ ነው? ቅዳሜ እትዬ አስካለ ካፌው ድረስ መጡ። በረንዳው ሙሉ ሰው ነበር። ቆመው፣ 'ይህን ልጅ ያለ ጥፋቱ አምቼዋለሁ፤ ስሰድበው የሰማችሁ ሁሉ ይህንንም ስሙልኝ' ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ነው የያዝኳቸው። አሮጊት ሴት! ማን እንደነገራቸው ብጠይቃቸው፣ 'እሱን የሚነግርህ ሌላ ነው' አሉኝ። ምን ተፈጥሮ ነው?»

አያችሁ? ቤታቸውን ለሁለት የከፈለባቸውን ሰው ስም፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ሳሉ፣ አልጠሩትም። ያልነገሩት ሊያድኑኝ አይደለም። መናገር የእኔ ስለሆነ ትተውልኝ ነው።

በዚህ ጊዜ እኔ እንጃ አላልኩም። ለታምሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ያ የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው፣ ያ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ «እሺ መምህር፣ ደህና ዋል» ብሎ ዘጋው። እስካሁን መልሶ አልደወለም። ማታ ለሕይወትም ነገርኳት። «በየሳምንቱ በዚያች መኪና ነው የምመጣው» አለች።

እትዬ አስካለ ይቅር አላሉኝም። ይቅር በሉኝም ገና አላልኳቸውም። ይቅርታ ስጠይቃቸው እሺ ለማለት ቸር እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ ያንን ቸርነታቸውን እንደ ዝቅ ያለ ዋጋ ፈጥኜ ልወስደው አልፈልግም። ግንቡ ቆሟል። እኔ ይቅርታ ስላገኘሁ አይፈርስም። ከእናንተም ከአንባቢዎቼ ይቅርታ አልለምንም፤ የእናንተን ግቢ አልቆረስኩምና። በቂ ምክንያት ነበረው እንድትሉልኝም አልፈልግም። አልነበረኝም።

የምለምናችሁ ሌላ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ስለ ሌላው ይጠይቃችኋል። ስለ መኪናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ሰማው ወሬ። ባለቤቱ እዚያ አይኖርም። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ዝም ብትሉ ደግሞ ትጠቀማላችሁ፣ ወይም ቢያንስ አትጎዱም። እኔ እንጃ የሚለው ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ሲመጣ ያዙት። ማስረዳት አያስፈልግም፤ የምታውቁትን ብቻ፣ የምታውቁትን ያህል ተናገሩ። ከባድ ነው አትበሉኝ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት።